በጋሽ ይስሐቅ ጓሮ የሚያልፈው መንገድ

ጋሽ ይስሐቅን ሰላም የሚለው ሰው በሰፈራችን አልነበረም። ምን ልዋሽ፣ እኔ ራሴ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን "እንደምን አደርክ" ብዬው አላውቅም። አጥራችን ግን አንድ ነው፤ እሱ ወዲያ፣ እኔ ወዲህ፣ በመካከላችን ሽቦና አንድ ረድፍ ሙዝ። ሲያስነጥስ እሰማለሁ፣ ሬዲዮኑን ሲከፍት እሰማለሁ፣ "ይማርህ" ግን ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። በዕድሜ ስለሚበልጠኝ ጋሽ እለዋለሁ፤ አንቱ ግን አልለውም። አንቱታ ከሆዴ ካልመጣ ከአፌ አይወጣም፣ እንዲህ ነው የተፈጠርኩት።

ምን አድርጎሽ ነው ትሉኝ ይሆናል። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልንገራችሁ።

ጋሽ ይስሐቅ ሃያ ስምንት ዓመት በቅየሳ ሥራ ላይ ነው የኖረው። መሐንዲስ አይደለም። መሐንዲሱ ባለ ሦስት እግሩን መሣሪያ ተክሎ በአንድ ዓይኑ ያያል፣ ቁጥር ይጠራል፤ ጋሽ ይስሐቅ ደግሞ የቀይ ቀለም ቆርቆሮውን አንጠልጥሎ ይሄድና የተጠራውን ቁጥር ግድግዳ ላይ ይጽፋል። እሱ የጻፈበት ግድግዳ በዓመቱ የለም። መንገድ ሲሰፋ፣ ቦይ ሲቆፈር፣ ዘመድ ከሚነግርህ በፊት የምታየው የእሱን ብሩሽ ነው።

እኔ ሚዛን ከተማ፣ መሀል ገበያ ላይ ሱቅ ነበረኝ። አባቴ አባፎጊ ከአጋሮ መጥተው የከፈቱት፣ ጨርቅና ጫማ የምንሸጥበት። አንድ ሐሙስ ቀን ከነቆርቆሮው መጣና "ይቅርታ እህቴ" ብሎ በሩ ላይ 44 ብሎ ጻፈበት። የእሱ አራት ደግሞ እንደ ሰው አራት አይደለም፤ አናቷ የተከፈተ፣ የተገለበጠ ወንበር የምትመስል አራት ናት። ግሬደሩ ሲመጣ ከሱቄ የቀረው የኋላው ግድግዳና አንድ መደርደሪያ ነበር። ይቅርታ አለኝ እኮ! ወላሂ፣ ከግሬደሩ በላይ ያናደደኝ ያ ይቅርታ ነው።

ከዚያ ምትክ ቦታ ተብሎ እዚህ ከተማው ዳር፣ ወደ ቴፒ መውጫ ካለው ቁልቁለት ላይ ተሰጠን። ለእኔ ብቻ አይደለም፤ በዚያ መንገድ የተነሣው ሁሉ እዚሁ ነው የሰፈረው። ሰፈሩ በሙሉ በእሱ ብሩሽ የተጻፈበት ሰው ነው። እሱ ራሱ ደግሞ ቀድሞ ቦታ ተሰጥቶት እዚሁ ቤት ሠርቶ ጠበቀን! ዕጣ ስናወጣ ለእኔ የደረሰኝ ከእሱ አጥር ጋር የሚገናኘው ሆነ። ባለቤቴ ናስረዲን ዕጣውን አይቶ "አላህም ይቀልዳል" አለ።

ሚስቱ ሔዋን ጥሩ ሰው ነበረች፣ ነፍሷን ይማር። ከሞተች ስድስት ዓመቷ ነው። ልጃቸው ሐዋሳ አግብታ ትኖራለች፤ ለቀብር መጥታ ተመለሰች። ዕድር ስለሆነ ሄድን፣ ድንኳን ተከልን፣ ተቀመጥን። ድንኳኑ ውስጥ ግን የሚወራው ስለ ሔዋን አልነበረም፤ ማን ስንት ክንድ እንደተቆረጠበት፣ ማን ያልተቆረጠበት በዘመድ እንደሆነ ነበር። እሱ ጥግ ላይ ተቀምጦ ይሰማ ነበር። በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ተነቀለና ሁላችንም ወደየቤታችን ገባን። ከዚያ ወዲያ ሰው ደጁን ሲረግጥ አላየሁም።

ብቻ አንድ ዓመት ተከራይ ነበረው። ባስልኤል የሚባል፣ ዩኒቨርሲቲ ስፖርት የሚያስተምር ወጣት። ከዚህ አገር ሰው አይደለምና ቀይ ቀለሙን አያውቅም። ያ ልጅ ነው እንግዲህ ያን ሳህን የመሰለ ነገር ያመጣው። ዲስክ ይሉታል፤ ጨዋታውን ዲስክ ጎልፍ። ሁለቱ ማታ ማታ ከሥራ ሲመለሱ ጓሮ ውስጥ ሳህን ሲወራወሩ በሙዙ መሀል አያቸው ነበር። ልጁ ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ተዛወረና ሄደ፤ ሲሄድ አምስት ዲስክ ትቶለት ሄደ። በዚያው ዓመት ጋሽ ይስሐቅ ጡረታ ወጣ።

ጡረታ የወጣ ሰው ምን ያደርጋል? አንዳንዱ ይጸልያል፣ አንዳንዱ ይጠጣል። ጋሽ ይስሐቅ ከጋራዥ የተጣለ የብስክሌት ቸርኬ ሰበሰበ። ቸርኬውን ከእንጨት ምሰሶ አናት ላይ ያስርና ዙሪያውን ሰንሰለት ያንጠለጥልበታል፣ ከሥሩ ሳፋ ያስቀምጣል። ዲስኩ መጥቶ ሰንሰለቱን ሲመታ ወደ ሳፋው ይወድቃል፤ ገባ ማለት ነው። እንዲህ አድርጎ ስድስት ቦታ ተከለ፤ አንዱን ከቡናው መሀል፣ አንዱን ከአቮካዶዎቹ ጀርባ፣ አንዱን ከእኔ አጥር ሥር። ከዚያ ብቻውን ይወረውራል፣ ይሄዳል፣ ያነሣል፣ ይወረውራል። ሰንሰለቱ ሲንጫጫ "ጎበዝ" ይላል። ማንን እንደሚል እንጃ። እኔ ልብስ እያሰጣሁ "አለቀለት፣ ሰውየው ለቀቀ" እል ነበር። አዝኜለት አልነበረም፣ እውነቱን ለመናገር፤ ደስ ይለኝ ነበር።

ታዲያ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ ይስሐቅ የቀይ ቀለም ቆርቆሮውን ይዞ ጓሮው ውስጥ ታየ።

ከሥራ የተረፈች ቀለም ኖራው ይሆናል። በየምሰሶው ላይ ቁጥር መጻፍ ጀመረ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… ከአጥሬ ሥር ያለችው ላይ ሲደርስ ብሩሹን አነሣና ያቺን አናቷ የተከፈተ አራት ጻፋት። እጄ ላይ የነበረው እርጥብ አንሶላ ጭቃ ላይ ወደቀ።

"ናስረዲን! ና ውጣ! ናስረዲን፣ መጣብን!"

ናስረዲን አረፋ በአገጩ ላይ እንዳለ፣ ምላጩን ይዞ ወጣ። አየ። ከዚያ በጣቱ ምሰሶዎቹን አንድ በአንድ እያገናኘ አየር ላይ መስመር ሳለ። መስመሩ ከጋሽ ይስሐቅ ቡና ተነሥቶ በእኛ ጓሮ አልፎ፣ ከታች ባለው በእማማ በየነች ቤት በኩል ወጥቶ የቴፒው መንገድ ላይ ይገባል።

"ጡረታ ወጥቶ የለም እንዴ?" አልኩት።

"ሞኝ ነሽ? እንዲህ ዓይነቱን ሥራ በማን የሚያሠሩት ይመስልሻል? ሰው በማይጠረጥረው ነው እንጂ!"

እስከ ሰኞ ሰፈሩ በሙሉ ሰማ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ይባል የለ! አንዱ ለወፍ ማረፊያ የማትበቃ ጥግ ላይ ማንጎ ተከለ፤ መንገድ ሲመጣ ለተክል ካሳ አለዋ። አንዱ አጥሩን በብሎኬት ገነባ። ናስረዲን ሁለት መቶ የቡና ችግኝ አምጥቶ ልብስ በማሰጣበት፣ ዶሮ በማስርበት፣ መጸዳጃ ቤቱ ደጃፍ ሳይቀር ተከለው። እግር የምጥልበት አጣሁ። ይህን ሁሉ ሲጨርስ እኔን አየኝ።

"አንቺ ደግሞ ሂጂና አናግሪው። መቼ እንደሚጀመር ይንገርሽ።"

"እኔ? ምን ቆርጦኝ! አሥራ አንድ ዓመት ዘግቼው?"

"ለዚሁ ነው እኮ። የዘጋ ሰው ሲከፍት ሆድ ያባባል።"

ሄድኩ። አዎ፣ ሄድኩ። በሩን ቆረቆርኩና "ጋሽ ይስሐቅ፣ እንደምን ዋልክ" አልኩት። እጁ ላይ የነበረው ዲስክ ወደቀበት። ጎንበስ ብሎ ሳያነሣው ቀና አለ፣ እንደገና ጎንበስ አለ። "ግቢ፣ ግቢ፣ ከድጁ፣ ግቢ" አለኝ። ስሜን ያውቃል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

"እነዚህ ምሰሶዎች ምንድን ናቸው?" አልኩት፣ እንደዘበት።

"ጨዋታ ነው" አለ።

"ጨዋታ" አልኩና ጠቀስኩት። ጥቅሻዬ አልገባውም። ወዲያው እየመራኝ ማሳየት ጀመረ። መንገዱ አጭር ነው፣ ለጀማሪ የሚሆን ነው፣ የሚርቀው አርባ እርምጃ ነው፤ ከዚህ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ቆመሽ ትወረውሪያለሽ፣ ከወደቀበት ደግሞ ትወረውሪያለሽ፣ በሦስት ካስገባሽ መልካም ነው፣ በሁለት ከሆነ ጉድ ነው። ከአምስቱ መርጦ ቢጫውን ሰጠኝ። "ይቺ ለጀማሪ ናት። ቀጥ ብላ ትሄዳለች፣ አታታልልም" አለኝ። በጎን ቁሚ አለኝ፣ ክንድሽን ሳይሆን አንጓሽን ፍቺው አለኝ። ወረወርኩ። ዲስኩ ሙዝ ውስጥ ገብቶ ተሰካ። ጋሽ ይስሐቅ ሳቀ። ሊያፌዝብኝ አይደለም፤ ደስ ብሎት ነው የሳቀው። ጥርሱን ያን ቀን ነው ያየሁት።

ስድስተኛው ላይ ስንደርስ ዋናውን ጥያቄዬን ጣልኩ። "ከስድስት በኋላስ ወዴት ይሄዳል?"

"ከስድስት በኋላ? ወደ አንድ ይመለሳላ!"

ቤት ገብቼ ለናስረዲን ነገርኩት። "ይደብቃል፤ ጨዋታ ነው ይላል። ከስድስት በኋላ ዞሮ ወደ አንድ ይመለሳል አለኝ።" ናስረዲን ብድግ አለ። "ቀለበት መንገድ ነው!" አለ። ሚዛን ቀለበት መንገድ ሊሠራላት ነው ተብሎ በማግስቱ ባጃጅ ሾፌሮች ሳይቀሩ አወሩት።

ከዚያ እሑድ ጀምሮ ሰው ይጎርፍለት ጀመር። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነጠላውን እንደለበሰ የሚመጣ አለ፣ ሱቁን ዘግቶ የሚመጣ አለ። ሁሉም አንድ ሁለት ዲስክ ይወረውራል፣ ዓይኑ ግን ምሰሶው ላይ ነው። ኮረሪማ ነጋዴው ሸዋንግዛው ከሦስት እስከ አራት ያለውን በእርምጃ እየቆጠረ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ይሄዳል። ጋሽ ይስሐቅ ለመጣው ሁሉ "ጨዋታ ነው" ብሎ ነገረ። "አዎ፣ አዎ፣ ጨዋታ ነው" እያሉ ይጠቃቀሳሉ። ቀያሽ ጨዋታ ነው ካለ ነገሩ ከባድ ነው ማለት ነው፤ እንዲህ ነበር የምናስበው።

ሰባት እሑድ እንዲህ አለፈ። ሰውየው ዓይናችን ሥር ተለወጠ። ጢሙን ይላጫል፣ ሱሪውን ይተኩሳል። አግዳሚ ወንበር አሠርቶ ከአቮካዶው ሥር አኖረ። ቅዳሜ ከጠዋት ጀምሮ ቅጠል ይጠርጋል፤ "ነገ ሰው ይመጣል" ይለኛል በአጥሩ ላይ፣ የማላውቅ ይመስል። በቆሎ ቀቅሎ በሳፋ ያቀርባል። በደብተር የሁላችንንም ስም ጽፎ ማን በስንት እንዳስገባ ይመዘግባል፤ ለተሸነፈው ደግሞ "በሚቀጥለው እሑድ" ይለዋል። ይቺን ቃል ሲላት ደስ ትለው ነበር፣ ያስታውቅበታል።

እኔም ልንገራችሁ። አምስተኛው እሑድ ላይ ነው። ሦስተኛዋ ቁጥር በሁለት አቮካዶ መሀል ናት፣ ጠባብ ናት። ቢጫዋን ወረወርኳት፣ ግንዶቹ መሀል ሰተት ብላ ገብታ ምሰሶው ሥር ወደቀች። በሁለተኛው አስገባሁ። ሰንሰለቱ ሲንጫጫ እልል አልኩ፣ ሃምሳ ዓመት የሞላኝ ሴትዮ! ጋሽ ይስሐቅ "ጉድ! በሁለት! ጻፉት!" እያለ ደብተሩን ፈልጎ ይሮጣል። ያን ቀን ማታ ናስረዲን "ምን አለሽ ታዲያ?" ሲለኝ ስለ መንገዱ መጠየቁን ረስቼው ነበር። አልነገርኩትም። አፍሬ "ይደብቃል" አልኩት።

ሰባተኛው እሑድ ላይ እማማ በየነች መጡ። ሰባ አምስት ዓመት ሳያልፋቸው አይቀርም፣ ከእኛ በታች ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ያረጀ ቡና አላቸው፣ አንድ ቆርቆሮ ቤት አላቸው። እግራቸው አቀበት አይወድም፤ ሁለት ሰው ደግፎ ነው ያወጣቸው። አግዳሚው ላይ አስቀመጥናቸው። ጋሽ ይስሐቅ ሊጫወቱ የመጡ መስሎት ቢጫዋን ዲስክ አቀበላቸው። ጭናቸው ላይ አስቀመጧት።

"ልጄ" አሉት፣ "ቤቴን ይነካዋል?"

"ምን እማማ? ምኑ የሚነካው?"

"መንገዱ ነዋ።" ዲስኳን ጭናቸው ላይ ያገላብጣሉ። "ደላላው ቀለም ሳይቀባብሽ ሽጪው ብሎኛል። ገዢም አምጥቷል። ማክሰኞ ልፈርምለት ነው፤ ቱም ከተማ ልጄ ጋ እሄዳለሁ። ግሬደር ሁለተኛ አላይም፣ አንዱ ይበቃኛል። ብቻ ካልነካው… ካልነካውማ የት እሄዳለሁ? ልጄም የሰው ቤት ነው ያለችው።"

ዲስክ የያዘው እንደያዘ ቆመ። ጋሽ ይስሐቅ እማማን አየ፣ ከዚያ እኛን አንድ በአንድ አየን። ሸዋንግዛው መሬት መሬት አየ። ናስረዲን ጉሮሮውን ጠረገ። እኔ ላይ ሲደርስ አቮካዶው ላይ አንጋጠጥኩ። ምን እንደሚያስብ ገባኝ፤ ቀላል ነበር እኮ። ዝም ቢል፣ ወይም "አላውቅም እማማ" ቢል፣ በሚቀጥለው እሑድም ግቢው ይሞላል።

"መንገድ የለም" አለ።

ሰዉ ተጠቃቀሰ። አንዱማ ፈገግ አለ።

"አትጠቃቀሱ!" ጮኸ። ጋሽ ይስሐቅ ሲጮኽ ሰምቼ አላውቅም። "በሔዋን መቃብር ምዬ ነው የምነግራችሁ፤ መንገድ የለም። ማንም አላዘዘኝም። ቸርኬና ሳፋ ነው። ባስልኤል ያስተማረኝ ጨዋታ ነው። ቀለሙ የተረፈኝ ቀለም ነው። እማማ፣ እንዳይፈርሙ። ነገ ጠዋት ደግፌ እወስድዎታለሁ፣ መንገድ ቢሮ ገብተን በራስዎ ጆሮ ይሰማሉ።"

በሚስት መቃብር የሚቀልድ የለም። ሁላችንም አመንን። የተመኘነው ካሳ ላም አለኝ በሰማይ ሆነና ቀረ። ናስረዲን ፊቱ በርበሬ መሰለ፤ ሁለት መቶ ችግኝ ለመትከል የነቀለው የእኔን ጎመን በሙሉ ነበር።

"ታዲያ ሰባት እሑድ ሙሉ ምን ስታደርገን ነበር?" አለው።

"ስጫወት" አለ ጋሽ ይስሐቅ። "ከእናንተ ጋር ስጫወት ነበር።"

"እያወቅህ! ለምን እንደመጣን እያወቅህ!"

"መጀመሪያ ነግሬያችሁ ነበር። ሁለተኛው እሑድ ላይ ነው የገባኝ፤ ሸዋንግዛው እርምጃ ሲቆጥር አየሁት። የሚጫወት ሰው እርምጃ አይቆጥርም። ያን ጊዜ ደግሜ፣ አጥብቄ መንገር ነበረብኝ፣ አልነገርኩም። ጥፋቴ ነው።" ደብተሩን ከፍቶ ዘጋው። "ከነገርኳችሁ አትመጡም።"

"ድሮም ያው ነህ" አለ አንዱ ከኋላ። ማን እንደሆነ አላየሁም። በቀይ ቀለም ቤት አፍርሶ፣ አሁን ደግሞ በቀይ ቀለም ተስፋ አስቆረጠን የሚል ሌላ መጣ። ተስፋ ያደረግነው ቤታችን እንዲፈርስ መሆኑን ማንም አላስታወሰም። አንድ በአንድ ወጡ። እማማን ሁለቱ ሰዎች ደግፈው አወረዷቸው። በቆሎው በሳፋው ሞልቶ ይጨሳል፣ ያን ቀን ማንም አልነካውም። ናስረዲን "ነይ!" አለኝና ከኋላው ወጣሁ። መቅረት እችል ነበር። ማንም እግሬን አላሰረኝም፤ ግን ወጣሁ።

ሰኞ ጠዋት እማማን በባጃጅ ይዟቸው ሲሄድ አየሁ። ቢሮው የሚሠራ መንገድ እንደሌለ ነገራቸው፣ ማክሰኞ አልፈረሙም፣ ቤታቸው ውስጥ አሉ። ከቢሮ ሲመለስ ነጭ ቀለም ገዝቶ ገባና ስድስቱንም ቁጥር ሸፈነው። እማማ በልጃቸው እጅ አንድ እቅፍ ሙዝ ልከውለታል፣ ልጃቸው ልትጠይቃቸው መጥታ ነበር። እሳቸው ራሳቸው ያን አቀበት ሁለተኛ አልወጡትም።

ቀጣዩ ቅዳሜ ቅጠሉን ጠረገ። እሑድ ተላጭቶ፣ ሱሪውን ተኩሶ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። በሙዙ መሀል አየዋለሁ። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፣ አሥር ሆነ። ዝናቡ መጣ። ሳፋውን አንሥቶ ገባ። በቀጣዩም እንዲሁ። በሦስተኛው አልተላጨም። በአራተኛው ቅጠሉን አልጠረገም፤ ግን ወጥቶ ተቀመጠ። ልብስ ላሰጣ በወጣሁ ቁጥር እዚያው አለ። ልቤ ያመኛል፣ እግሬ ግን አይነሣም። ምን ብዬ ልሂድ? ለመንገዱ ስል እየሮጥኩ የሄድኩ ሰው፣ ለሰውየው ስል ልሂድ ስል አፈርኩ። ናስረዲንም ስሙን ባነሣሁ ቁጥር ችግኞቹን እያሳየ ይሳደባል፤ ችግኞቹ ደግሞ ጥላ አጥተው በየቀኑ ይደርቃሉ።

ባለፈው እሑድ ናስረዲን ለዘመድ ሠርግ አጋሮ ሄደ። ቤቱ ጭር አለ። ሻሼን አስተካክዬ፣ ሸራ ጫማዬን አድርጌ ወጣሁ። ማንንም አላማከርኩም። በሩን ቆረቆርኩ። ቆይቶ መጣ።

"ሰላም ከድጁ።"

"ሰላም ጋሽ ይስሐቅ። ልጫወት ነው የመጣሁት።"

ከኋላዬ መንገዱን አየ፣ ወዲያና ወዲህ። ማንም የለም። "ግቢ" አለኝ። ቢጫዋን ዲስክ አወጣልኝ፣ አቧራዋን በእጅጌው ጠርጎ።

ተጫወትን። አንደኛዋን አስገባን፣ ሁለተኛዋን አስገባን። ጥሩ ስወረውር "ጥሩ ነው" ይለኛል፣ ስስት "ክንድሽ ነው፣ አንጓሽን ፍቺው" ይለኛል። ጨዋነቱ አልጎደለም። ግን አይስቅም። ደብተሩንም አላወጣም። እኔ እለፈልፋለሁ፤ ስለ ሠርጉ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለሚደርቁት ችግኞች እያነሣሁ በራሴ ባል ቀለድኩ። "እህ" ይለኛል። ሦስተኛዋ ላይ፣ በሁለቱ አቮካዶ መሀል፣ ሳልወረውር ቆምኩ።

"ጋሽ ይስሐቅ፣ ያን ቀን እኔ…"

"ያንቺ ተራ ነው" አለኝ በቀስታ።

ወረወርኩ። ግንዱን መትታ ወደ ኋላ ተመለሰች። "ድገሚው" አለኝ፤ ደገምኩት። አራተኛው፣ አምስተኛው፣ ስድስተኛው። መጨረሻዋን እሱ በሦስት፣ እኔ በአምስት አስገባን። ዲስኩን መለስኩለትና "በሚቀጥለው እሑድ አሸንፍሃለሁ" አልኩት፣ እንዲያው ቢስቅ ብዬ። አልሳቀም። ይዞኝ እስከ በር ሸኘኝ። በሩ ላይ ቆመና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሳይቆጣ፣ ልክ ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው አናገረኝ።

"ዞረሽ አይተሻል አይደል፣ ከድጁ? ምንም የለም። ለላኩሽ ሰዎች ንገሪያቸው፤ ምንም የለም። እንዳይደክሙ።"

 ራሱን ነቅንቆልኝ ገባ። መቀርቀሪያው ሲገባ ሰማሁት።

"ማንም አልላከኝም" አልኩ። በሩ ተዘግቶ ነበር።